አንድ ጉርሻ ከእጄ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሚኒባስ ጋራዤ ደጃፍ መጥታ ቆመች። መኪና ስር ተኝቼ ነበርና ማን እንደመጣ አላየሁም፤ የቱርቦዋን ፉጨት ግን ሰማሁ። ጥርት ያለ ፉጨት ነው። እንዲህ ያለ ፉጨት በሰማሁ ቁጥር መፍቻዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው፣ እስካሁን አልለቀቀኝም።

የወረደው የአቶ ዘለቀ ልጅ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። ጋሽ ስንሻው ብሎ ጠራኝና ቅዳሜ የአባቱ ተዝካር መሆኑን፣ እናቱም እኔን ሳይዝ እንዳይመጣ ማስጠንቀቋን ነገረኝ። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ሸኘሁት።

ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ለቅሶም አልደረስኩም። ማርቆስ ውስጥ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ባለቤቴ ሦስት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ከሞተ ሰው ጋር ምን ቂም አለ ትለኛለች። አለ እንጂ! ሰውዬው ሞተ ተብሎ ያደረገው ነገር አብሮት አይቀበርም። እኔ ቂመኛ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ንስሐ አባቴም ያውቁታል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል "አሁንም አለ?" ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔም "አለ አባ" እላቸዋለሁ።

ነገሩ ከይጁቤ ይጀምራል። አባቴ ይጁቤ ዳር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ማረሻውንም ማጭዱንም መጥረቢያውንም የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ታዲያ ማረሻውን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ የሚሄደው ሰው ከቤታችን ውሃ አይጠጣም። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ዓይናችን ሰው ይበላል፣ ከብት ይበላል፣ ነው ነገሩ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እናቶች በእኛ ደጅ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ጥቅልል አድርገው ሲሸፍኑ አያለሁ፤ ብርድ ፈርተው ይመስለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ የኔ ሥራ ወናፍ መንፋት ነበር። ከፍየል ቆዳ የተሠራውን ወናፍ ከፈት ዘጋ እያደረግኩ ለእሳቱ ነፋስ መስጠት። እሳቱ ሲደክም ቶሎ ብዬ ከሰል ልጨምር ስል አባቴ እጄን ይይዘኛል። "ከሰሉን ተወው። መጀመሪያ ነፋሱን እይ" ይለኛል። እውነቱን ነው። ወይ የወናፉ አፍ በአመድ ተደፍኗል፣ ወይ ቆዳው አንድ ቦታ ተተርትሯል። ነፋሱ ሲስተካከል በዚያው ከሰል ብረቱ ይቀላል። ነፋስ ያጣ እሳት ከሰል ይጨርሳል፣ ይጨሳል፣ ሙቀት ግን የለውም። በሕይወቴ ከተማርኩት ትምህርት ሁሉ እንጀራ የሆነኝ ይሄ ነው።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ማርቆስ ገባሁና ጋሽ በሪሁን የሚባሉ መካኒክ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ጋራዥ ደስ የሚለኝ የሁሉም ሰው እጅ ጥቁር ስለሆነ ነው። የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ስም አወጣሁ፤ ናፍጣ የምትጠጣ መኪና ቆጣቢ ማድረግ። ሾፌሩ ሁሉ ናፍጣ በዛብኝ ሲል የናፍጣውን መስመር ነው የሚያስፈታው። እኔ ወደ አየሩ ነበር የምሄደው። ማጣሪያውን አወጣለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ቱቦዎቹን በጣቴ እየዳሰስኩ የሚያፈስ ካለ አጠብቃለሁ። የጎማውን ነፋስ አያለሁ። ከዚያ ሾፌሩን ራሱን እመክራለሁ፤ ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ ቀይር፣ ቁልቁለት ላይ እግርህን አንሳ፣ ሰው ስትጠብቅ ሞተር አስነስተህ አትቀመጥ። ብዙው ሾፌር የሚቆጣኝ እዚህ ላይ ነበር። መኪናው ተበላሸ ሲሉት ደስ ይለዋል፣ እግርህ ተበላሸ ሲሉት ግን ይኮሳተራል።

ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ፣ የባሕር ዳሩ መንገድ ገና አስፋልት ሳይሆን፣ አቶ ዘለቀ ባለ ቱርቦ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዛ። ራሱ ባለቤት፣ ራሱ ሾፌር ነው። ሚስቱ እትዬ የሺ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት፤ ሾፌርና ረዳት ሁሉ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። በእኛ መስመር ባለ ቱርቦ ቅጥቅጥ የመጀመሪያዋ ነች። ከመስቀል በኋላ ይመስለኛል፣ ሜዳው ገና ቢጫ ነበር፣ ለምርመራ ጋራዣችን አመጣት። ቱርቦውን ሳየው ሳቄ መጣ። የአባቴ ወናፍ ነው እኮ! ልዩነቱ የሚነፋው ሰው ሳይሆን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ መሆኑ ነው፤ ጭሱ ማራገቢያዋን ያዞራል፣ ማራገቢያዋ አየር ወደ ሞተሩ ታጉራለች። "እንዴት ያለች መኪና ናት!" አልኩ ጮክ ብዬ። እግዜር ይጠብቃት አላልኩም። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም።

ሁለት ቀን ሠራሁባት። ቢጫ ጀሪካን ላይ በሚስማር ጭረት አወጣሁና ናፍጣዋን ከጀሪካኑ እንድትስብ አድርጌ ደምበጫ ደርሰን ተመለስን። ከዚያ አንዲት የላላች ቱቦ አጠበቅኩ፣ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካከልኩ፣ አቶ ዘለቀንም ስለ እግሩ መከርኩት። እንደገና ሄደን ስንመለስ ጀሪካኑ ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለት ጭረት ናፍጣ ተርፎ ነበር። ሰውዬው ጀሪካኑን ይዞ መናኸሪያውን ዞረበት። "ይሄ ልጅ እጁ ይባረክ" አለ። በዚያ ሳምንት ምሳዬን እሱ ነበር የሚያበላኝ፣ ከአንድ ትሪ።

ታኅሣሥ ላይ ከይጁቤ የመጣ አንድ ተሳፋሪ አየኝና ለአቶ ዘለቀ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገረው። አለቀ። በማግሥቱ ምሳ ልበላ እትዬ የሺ ጋ ስገባ አቶ ዘለቀ እየበላ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ትሪውን ሸፈነው። ከጋቢው ስር እጁን እያስገባ መብላቱን ቀጠለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ለእኔ እትዬ የሺ በቆርቆሮ ሳህን፣ በር አጠገብ፣ ለብቻዬ አቀረበችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳህን የኔ ሆነ፤ ለብቻው ይታጠባል፣ ለብቻው ይሰቀላል። በልጅነቴ ብርድ የመሰለኝ ነገር በሃያ ሦስት ዓመቴ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ያን ቀን በልቼ ነው የወጣሁት። ለምን እንደበላሁ አላውቅም፤ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ናፍጣ መጠጣት ጀመረች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው ቀን አቶ ዘለቀ ከነተሳፋሪው ጋራዣችን በር ላይ አቆማትና ወረደ። እኔን አላየኝም፤ ፊቱን ወደ ጋሽ በሪሁን አዙሮ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

"በሪሁን፣ ይሄ ልጅ እዚህ እስካለ ድረስ ማንም መኪናውን እንዳያስገባ እነግራለሁ። የኔን በዓይኑ በልቷታል።"

ማርያምን ብዬ ማልኩ። ኮፈኗን ክፈቱልኝና ልያት አልኩ። እንዳላያት ራሱ ኮፈኗ ላይ ተደገፈ። በሳምንት ውስጥ ጋራዡ ጭር አለ፤ ሁሉም ሌላ ቦታ ማሠራት ጀመረ። ጋሽ በሪሁን ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን የሚያሳድጓቸው ልጆች ነበሯቸው። አንድ ጠዋት የመፍቻ ስብስባቸውን በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝና ነገሩ እስኪበርድ ዞር በል አሉኝ። አላዘንኩባቸውም። ያዘንኩበትን ሰው አውቀዋለሁ።

ደምበጫ ሄድኩ። ከከተማው ወደ ማርቆስ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ፣ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ ዘርግቼ የወፍጮ ሞተርና የጋሪ ጎማ መጠገን ያዝኩ። ምሳዬ ከጎኔ ያለች አንዲት ሴት የምትሸጠው ቅቅል ድንች በአዋዜ ነው። አቧራው ልክ የለውም፤ የውቂያ ጊዜ ስለነበር የጤፍ እብቁ ከየአውድማው እየተነሳ መንገዱ ላይ ይንሳፈፋል። ያቺ ቅጥቅጥ ደግሞ በየቀኑ በፊቴ ታልፋለች።

መጀመሪያ ቀን ስትመጣ ከሩቅ ሰማኋት። ፉጨቷ ጎርናና ሆኗል። አመድ የደፈነው ወናፍ ልክ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ሳላያት፣ ሳልነካት፣ አየር እንዳጣች አወቅኩ። አንድ ቃል ብልክለት ትድን ነበር። አልላክሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጠጪ፣ አልኳት በሆዴ፣ ጥርግ አድርገሽ ጠጪበት።

ይሄም አልበቃኝም። በየጠዋቱ ሰዓቷን ጠብቄ እወጣና እጄን አጣምሬ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። ከዚያ አያታለሁ። ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላ መብራቷ፣ ዓይኔን ሳልነቅል። ዓይን ካላችሁኝ ዓይን ልሁናችሁ አልኩ። አቶ ዘለቀ መጀመሪያ ፊቱን ያዞር ነበር፣ ቀጥሎ በእኔ በኩል ያለው መስኮት ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀለ። ጨርቁን ባየሁ ጊዜ የሳቅኩት ሳቅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ከፍ ብላ ያለችው ዳገት ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋት ግን አይ ነበር። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር ሴት ፀሐይ ላይ በእግሯ ስትወጣ አየሁ። ወደ ጋሪ ጎማዬ ተመለስኩ። ይሄን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለዘለቀ ያለኝን ግን አልተናዘዝኩም፣ ምክንያቱም አልተጸጸትኩም።

አንድ ወር እንዲህ አለፈ። ሁዳዴ ገባ። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሰው እንደ በርበሬ ታጭቆባት ከደምበጫ ስትወጣ፣ ከመጠለያዬ ትንሽ አለፍ ብላ በጥቁር ጭስ ታፍና ቀጥ አለች። ቢገፏት አልተነሳችም። የሚቀርበው መካኒክ እኔ ነኝ። ተሳፋሪው ወደ እኔ መጣ፣ አቶ ዘለቀ ግን መሪውን ይዞ ቀረ። አንድ ቄስ ከመሃል ወርደው ወደ እሱ ሄዱ፤ ሰውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ ምን ትጠብቃለህ ብለው ገሠጹት። በመጨረሻ መጣ። ፊቱ ከስቷል፣ ያ ኩሩ ሰውዬ የለም።

"ስንት ትጠይቀኛለህ?" አለኝ መሬት መሬት እያየ።

"ገንዘብ አልፈልግም" አልኩት። "ዛሬ እትዬ የሺ ቤት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ከእጄ ይጎርሳሉ።"

አንቱታዬን ሆን ብዬ አልተውኩም። የሰደብኩት እንዳይመስለው፣ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንዳያገኝ ብዬ ነው። ዞሮ መኪናዋን አየ። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። እሺ አለ።

የአየር ማጣሪያውን ቤት ፈታሁት። ማጣሪያው በጤፍ እብቅና በአቧራ ተጠቅጥቋል፤ እሱን ጠብቄ ነበር። ከዚያ አየር በምትስብበት ቱቦ እጄን ሳስገባ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ጎትቼ አወጣሁት። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በቀይ ቆዳ የተሰፋ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ክታብ ነው። ክሩ ላልቶ ሞተሩ ወደ ውስጥ ስቦት ጉሮሮዋ ላይ ተወትፏል።

ከፍ አድርጌ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። አቶ ዘለቀ ላብ በላብ ሆኖ ተናዘዘ። የማን ልጅ እንደሆንኩ በሰማ ማግሥት ከዓይኔ ይጠብቃት ዘንድ ከአንድ ጠንቋይ ያመጣው ነው። መኪናዋ በምትተነፍስበት እሰርላት ተብሎ ራሱ በእጁ አሰረላት። እኔን ፈርቶ ያሰረው ነገር መኪናዋን አንቆ ሁለት ወር ሙሉ ናፍጣ አስጠጣት፣ በዚያው ደግሞ እኔን ከእንጀራዬ አስነቀለ። ቄሱ ክታቡን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "ይሄ የእኛ አይደለም" ብለው መለሱልኝ። ከተሳፋሪው አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። እኔ አልሳቅኩም። ማጣሪያውን ጎማ ላይ መትቼ አራገፍኩ፣ ገጠምኩ፣ ያስነሷት አልኩት። ፉጨቷ እንደ ዱሮው ጥርት ብሎ ወጣ።

ከፊት ወንበር ተቀምጬ ማርቆስ ገባን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጋሽ በሪሁን ሳይቀሩ እትዬ የሺ ቤት ሞልተው ጠበቁን። አቶ ዘለቀ ከገባ በኋላ የሚያመልጥበት ነገር አገኘ። ጾመኛ ነኝ አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም።

"እጠብቃለሁ" አልኩ።

አራት ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መናኸሪያው በዚያ ቀን ሥራ የሠራ አይመስለኝም። ሰው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ሰዓቱን ይጠይቃል። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። አቶ ዘለቀ አንድ ጊዜ ሊነሳ ሲል ጋሽ በሪሁን እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጥ አሉት፣ ቀስ ብለው። በመጨረሻ የቅዳሴው ደወል ተሰማ።

እትዬ የሺ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት በትሪ አቀረበች። ለእኔ ያንኑ ቆርቆሮ ሳህን ልታወርድ ስትል በአንድ ትሪ አልኳት። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተግኩት፤ ጥፍሬ ስር ያለው ጥቁር አልለቀቀም፣ እንዲለቅም አልፈለግኩም። ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና አፉ ላይ አደረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። አላመጠው ለማለት ይከብደኛል፤ ዋጠው። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ።

ሁሉም ሁለተኛውን ጠበቀ። በእኛ አገር የጎረሰ ሰው ሁለተኛውን ሳይጎርስ እንደማይቀር፣ አንድ ብቻ ማጉረስ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እሱም አውቆ አፉን ደግሞ ከፈተ። እትዬ የሺ ከጓዳ በር ላይ ሆና "ድገመው እንጂ ልጄ" አለችኝ።

"አንድ ይበቃቸዋል" አልኩና እጄን ታጥቤ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጋሽ በሪሁን ጋራዥ ተመለስኩ። መኪናው ሁሉ ተመለሰ፤ ዓመታት ቆይቶም የራሴን ከፈትኩ። ከጉርሻዋ በኋላ በአሥረኛው ቀን ግን አንድ ወሬ ሰማሁ። አቶ ዘለቀ ጠበል ወርዷል፤ የጎረሰውን ሊያወጣ። ሰባት ቀን ጠጥቶ አስመለሰ አሉ። ስለዚህ አሸንፌያለሁ ብላችሁ አታስቡ። ያቺን ጉርሻ ሆዱ ውስጥ እንኳ አላሳደራትም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ነው የምንተላለፈው፣ እስኪሞት ድረስ።

ቅዳሜ ተዝካሩ ላይ ሄድኩ። ለባለቤቴ ብዬ ነው አልኩ፣ ውሸቴን ነው፤ ማን ትሪውን እንደሚሸፍን ለማየት ነው የሄድኩት። ድንኳኑ መሃል ተቀመጥኩና የሰውን ትሪ አንድ በአንድ እያየሁ በላሁ። ማንም አልሸፈነም። ወጣቶቹ ቡዳ የሚባል ነገር ትዝ ያላቸውም አይመስለኝም፤ የዘለቀ ልጅ እንዲያውም ከፊቴ ያለውን ሥጋ አንስቶ እየሳቀ ጎረሰ።

ትንሽ ቆይታ እትዬ የሺ በምርኩዝ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል። እጄን ያዘችና ጥፍሬን አየችው።

"ያኔ ጠበል የሄደው እሱ ብቻ አይደለም" አለችኝ። "እኔም ሄጃለሁ። ሳህንህን ባጠብኩበት እጄ ምክንያት። ሳልሞት አጉርሰኝ።"

ጠቅልዬ ሰጠኋት። በድዷ ቀስ ብላ አላመጠችና ዋጠች። ከዚያ አፏን ደግማ ከፍታ ጠበቀች። ድንኳኑ ውስጥ ያን ቀን የነበሩ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ መብላታቸውን አቁመው አዩኝ። እጄ ወደ ትሪው መሄድ እንቢ አለኝ። አሮጊቷ አፏን እንደከፈተች ናት። ጠቀለልኩ። ሰጠኋት።

ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ንስሐ አባቴ እንደ ልማዳቸው ይጠይቁኛል። የየሺን ሰጥቻለሁ እላቸዋለሁ። የዘለቀ ግን አለ፣ አባ።